ስታንዳርድ ኢንፑት ምንድን ነው?

ስታንዳርድ ኢንፑት ማለት አንድ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ተከፍቶ የሚያገኘው የዳታ መግቢያ ነው። ዩኒክስና ሊኑክስ በተባሉት የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወናዎች ቁጥሩ 0 ነው፤ 1 የውጤት፣ 2 የስህተት መልእክት መውጫ ነው። በተለምዶ ከኪቦርድ ጋር ይያያዛል። ኮዱን ሳይነኩ ግን ከፋይል እንዲያነብ ማዞር፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1973 ዩኒክስ ውስጥ በገባው ፓይፕ ከሌላ ፕሮግራም ውጤት ጋር ማገናኘት ይቻላል።

አራት ኪሎ ያለ አንድ ፎቶኮፒ ቤት የቀን ገቢውን መደመር ፈለገ እንበል። ፋይሉ ውስጥ በየመስመሩ አንድ ዋጋ አለ፦ 15፣ 40፣ 6 እያለ ይወርዳል። ጀማሪ የሚጽፈው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ «ስንት ቁጥር ታስገባለህ?» ብሎ ይነሳል። ይህ ጥያቄ ጨርሶ መቅረት አለበት ባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የመጣውን ደንበኛ ማታ ቁጭ ብሎ ማን ይቆጥራል? ፋይሉ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ማለቁን ያውቃል። በኪቦርድ ለሚያስገባ ሰው ደግሞ ሊኑክስ ላይ በአዲስ መስመር ኮንትሮልና ዲ፣ ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮልና ዜድ ከዚያም ኢንተር «ጨርሻለሁ» ማለት ነው።

ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ሁሉም ቀድሞ የሚማረው የኢንፑት (input) ፈንክሽን የሚያነበው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የሚመልሰውም ጽሑፍ ነው። ወደ ቁጥር ሳይቀይሩ 15 እና 40ን ቢደምሩ 1540 ይወጣል። እስከ መጨረሻው ለማንበብ ሲስ (sys) በተባለው ሞጁል ውስጥ ያለውን ስታንዳርድ ኢንፑት በፎር (for) ድግግሞሽ መስመር በመስመር መዞር ይበቃል። ደማሪው ሰም (sum)፣ አንድን ሥራ በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሚያስኬደው ማፕ (map) እና ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኢንት (int) ከተደራረቡበትማ ድምሩ በአንድ መስመር ኮድ ያልቃል። የመስመር መጨረሻ ምልክቱን ኢንት ራሱ ይተወዋል፤ ባዶ መስመር ካጋጠመው ግን ስህተት ብሎ ያቆማል፣ ስለዚህ ባዶውን አስቀድሞ መዝለል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ፐርል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከዚህም ያሳጥራል። ባዶ የማዕዘን ቅንፍ (<>) ብቻ ሲጻፍ፣ ትእዛዙ ላይ የፋይል ስም ከተሰጠ ፋይሎቹን በየተራ ያነባል፤ ካልተሰጠ ወደ ስታንዳርድ ኢንፑት ይዞራል። ሩቢ በተባለው ቋንቋ ያለው ማንበቢያ ጌትስም (gets) እንዲሁ ነው። ፓይተን ላይ ይህን የሚሠራው ፋይልኢንፑት የተባለው ሞጁል ነው። አውክ (awk) የተባለው የጽሑፍ ማቀነባበሪያ ቋንቋ ደግሞ ማንበቢያ ትእዛዝ እንኳ አይፈልግም፤ የጻፉለትን በእያንዳንዱ መስመር ላይ ራሱ ይደግመዋል። ለፎቶኮፒ ቤቱ ድምር እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

«ቁጥር አስገባ» የሚል መልእክት የግድ ካስፈለገ በ2 ቁጥር መውጫ ይላክ። በ1 ከወጣ ውጤቱ ፋይል ላይ ሲቀመጥ መልእክቱም አብሮ ይገባል፤ ፋይሉን የሚቀበለው ቀጣዩ ፕሮግራም ቁጥር ሲጠብቅ ዓረፍተ ነገር ያገኛል።