ፖድካስት ለክፍል ትምህርትና ለመምህራን ሙያ ማሻሻያ

ፖድካስት በኢንተርኔት በተከታታይ የሚለቀቅ፣ አድማጩ በፈለገው ሰዓት የሚከፍተው የድምፅ ዝግጅት ነው። በሬዲዮ የሚተላለፍ ትምህርት ያመለጠው ተማሪ አመለጠው፤ ፖድካስት ግን ቆሞ ይጠብቃል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል።

ስሙ የአፕል ማጫወቻ ከሆነው አይፖድና «ብሮድካስት» ከሚለው ቃል የተዳቀለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004 ጋዜጠኛው ቤን ሐመርስሊ ዘ ጋርዲያን በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ባወጣው ጽሑፍ ታየ። ፈጣሪው ማን ነው የሚለው ያከራክራል፤ የድምፅ ፋይልን አር ኤስ ኤስ ከተባለው፣ በድረ ገጽ አዲስ የወጣን ነገር ለተከታታዮች በራሱ ከሚያደርሰው ዘዴ ጋር ያያያዘው የሶፍትዌር ባለሙያው ዴቭ ዋይነር፣ ያስፋፋው ደግሞ የቴሌቪዥን አቅራቢ የነበረው አዳም ከሪ ነው ማለት ይቻል ይሆናል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ከ1,600 ለሚበልጡ አዲስ ገቢ ተማሪዎች አይፖድ አደለ። ዘፈን ይሰሙበታል ብለው የተቹ ነበሩ፤ መስማታቸውም አልቀረም። የቋንቋ ተማሪዎች ግን ንግግር አዳመጡበት፣ የራሳቸውንም አነጋገር ቀዱበት። አፕል በ2005 ፖድካስትን አይቲዩንስ ወደተባለው የሙዚቃ ፕሮግራሙ አስገባ፤ በ2007 የከፈተውን አይቲዩንስ ዩ የተባለ የትምህርት ክፍል በ2021 ማብቂያ ዘጋው።

በክፍል ውስጥ ሙሉ ዝግጅት ከፍቶ ዳር መቀመጥ ማስተማር አይደለም። የሠለጠነ መምህር ከአንድ ሰዓት ዝግጅት 6 ደቂቃ ይመርጣል፤ ከማስሰማቱ በፊት አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተናጋሪው ምክንያቱን ሊገልጽ ሲል ያቆምና «ቀጥሎ ምን የሚል ይመስላችኋል?» ይላል። የንግግሩ የጽሑፍ ግልባጭ መስማት ለሚቸገሩ ተማሪዎች የግድ ነው፤ ሌሎቹም ያልያዙትን ቃል ያገኙበታል። የተቀዳ ገለጻ ተማሪን ከክፍል ያስቀራል የሚባለው እንደየኮርሱ ሊለያይ ይችላል። ተማሪዎች ራሳቸው ሲያዘጋጁ የሚማሩት ግን ከማዳመጥ ይበልጣል፤ ሁለት ደቂቃ ለመናገር ሁለት ገጽ ጽፎ መሰረዝ አለና።

ለመምህራን ዋናው ጥቅም ጊዜ ነው፤ ስልጠና አዳራሽ ይጠይቃል፣ ፖድካስት ግን በመንገድ ላይም ይሰማል። ብቻውን የተሰማ ምክር ቶሎ ይረሳል፤ ሦስት አራት መምህራን አንድ ዝግጅት ሰምተው አንዱን ዘዴ በየክፍላቸው ሞክረው ሲነጋገሩበት ይሠራል። ከዚህም የሚሻለው የራስን ክፍል ቀድቶ መስማት ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ገና በቴፕ ዘመን የክፍል ቅጂዎችን አዳምጣ፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አገኘች። ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ።