«ጉተር ራት ኢስት ቶየር»፦ ምክር ነው ወይስ ብስክሌት?

ይህን የጀርመን አባባል መጀመሪያ የሰማሁት ከታችኛው ፎቅ ከሚኖሩ ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው። ፍራንክፈርት ከገባሁ ገና መንፈቅ አልሞላኝም። ያን ዕለት ጠዋት የብስክሌቴ የኋላ ጎማ ተንፍሶ፣ ባቡሩም አድማ ላይ ሆኖ፣ የቋንቋ ፈተናዬ ሊጀመር 40 ደቂቃ ሲቀረው በር ላይ ስብሰለሰል አገኙኝ። ራሳቸውን ነቀነቁና «ዳ ኢስት ጉተር ራት ቶየር» አሉኝ። እኔ ደግሞ ብስክሌቴን አየት አድርጌ፣ «ኧረ ውድ አይደለም፣ አሮጌ ነው፤ በ60 ዩሮ ነው የገዛሁት» ብዬ መለስኩ። ሰውየው ግራ ገባቸው።

«ራድ» መንኮራኩር ነው፤ በዕለት ተዕለት ወሬ ደግሞ ብስክሌት። «ራት» ግን ምክር ነው። (የእኛን ራት ለጊዜው እንተወው፤ እዚህ አገር እሱም ውድ ነው።) አጻጻፋቸው ቢለያይም አፍ ላይ አንድ ናቸው። ጀርመን በቃል መጨረሻ ያለን «ብ»፣ «ድ» እና «ግ» ወደ «ፕ»፣ «ት» እና «ክ» ያጠብቃል። እኛ «ሆድ» ስንል «ድ» ጥርት ብላ ትሰማለች፤ እነሱ ግን «ራድ» ብለው ጽፈው «ራት» ብለው ያነቡታል።

ለነገሩ ፍንጩ ፊቴ ላይ ነበር። ምክር በጀርመን ወንዴ ነው፣ «ደር ራት»። ብስክሌት ደግሞ ወንዴም ሴቴም ያልሆነው ሦስተኛው ጾታ፣ «ዳስ ራድ»። ሽማግሌው ስለ ብስክሌት ቢያወሩ ኖሮ «ጥሩ» ለማለት «ጉተስ» ይሉ ነበር። «ጉተር» አሉ። እኔ የስሙን መጨረሻ ሳሳድድ ቅጽሉ አመለጠኝ።

ለሚጽፍ ሰው የጀርመን ተማሪ ቤት የሚያስተምረው መላ ቃሉን ማስረዘም ነው። «ራድ» ሲበዛ «ሬደር» ይሆናል፣ «ድ» ከተደበቀበት ይወጣል። «ቶድ» (ሞት) እና «ቶት» (የሞተ) የሚለዩትም በዚሁ ነው፤ «ቶደ» እና «ቶተ»። «ቡንድ» (ኅብረት) ብቻውን ከ«ቡንት» (ባለ ብዙ ቀለም) ባይለይም «ቡንደስሊጋ» ሲባል ግን «ደ»ዋን ኳስ የሚወድ ሁሉ ይሰማታል። ብልሃቱ የማይሠራባቸውም አሉ፦ «ዛይት» ተብለው የሚነበቡት ሁለት ቃላት፣ አንዱ «ከ… ጀምሮ»፣ ሌላው «ናችሁ» ማለት ነው። እነዚህን መሸምደድ ነው፤ ጀርመኖቹም ይሳሳቱባቸዋል።

ወደ አባባሉ እንመለስ። ቃል በቃል «ጥሩ ምክር ውድ ነው» ማለት ነው። ሲሰሙት የጠበቃ ወይም የአማካሪ ክፍያ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ገንዘብ አይደለም። የሚባለው ሰው ጭንቅ ውስጥ ገብቶ የሚያደርገው ሲጠፋው ነው። እኛ «መላው ጠፋ» የምንለው ቦታ ላይ ይገባል።

«መላ» ያልኩት በከንቱ አይደለም። «ራት» ጥንት ምክር ብቻ አልነበረም፤ ለኑሮ የሚያስፈልግ ዝግጅት፣ መተዳደሪያ፣ መፍትሔ ማለትም ነበር። ቅሪቱ ዛሬም በሌሎች ቃላት ውስጥ አለ። «ፎርራት» ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነው፤ «ሃውስራት» የቤት ዕቃ። ጋብቻ የሚባለው «ሃይራት» እንኳ ከቤት ማሰናዳት የመጣ ቃል ነው፤ የእኛን «ጎጆ መውጣት» አስቡ። ከዚያ ነገሩ ወደ መመካከር ዞረና የከተማው አስተዳደር ቤት «ራትሃውስ» ተባለ። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም፤ «ምክር ቤት» ብለን ጨርሰናል።

«ቶየር» የሚለውማ ከሁሉ ይቀለናል። በጥንቱ ጀርመን የከበረ፣ የማይገኝ፣ ብርቅ ማለት ነበር፤ የዋጋው ትርጉም እየጎላ የመጣው ኋላ ነው። ዛሬም ወዳጅን «ቶየር» ብሎ መጥራት አለ፣ ትንሽ ያረጀ አነጋገር ቢሆንም። እኛም «ውድ እናቴ» እንላለን፣ «ጤፍ ተወደደ» እንላለን፤ ሁለቱም ከ«ወደደ» ናቸው። ስለዚህ አባባሉን «ጥሩ መላ ብርቅ ነው» ብዬ ብተረጉመው ይሻለኛል።

ሽማግሌው ያን ዕለት ከምድር ቤት መለጠፊያና መንፊያ ይዘው ወጡ። ፈተናው አለፈኝ፤ ጎማው ግን ተሠራ። ሲያጠብቁት «ኮምት ጻይት፣ ኮምት ራት» አሉ፤ ጊዜ ሲመጣ መላም ይመጣል። ይህኛው ቅጽል የለውም፣ የሚያስረዝመውም የለም። «ራድ» ይሁን «ራት» የማውቀው እጃቸው ላይ ጎማ ይዘው እያየሁ፣ ስለ ጎማው አለማውራታቸውን ከፊታቸው በማንበብ ብቻ ነበር።