«ሰው የሚኖረው አንዱ በሌላው ጥላ ነው»፦ የአይሪሾች አባባልና ትርጓሜው

በምዕራብ አየርላንድ፣ በጎልዌይና በሜዮ የገጠር መንደሮች፣ «ኤር ስካ አ ኼለ አ ዋረን ና ዲነ» ይባላል፤ ሰው የሚኖረው አንዱ በሌላው ጥላ ነው። ፍቺው ያለው «ስካ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ስካ ጥላም ከለላም ናት፤ ጃንጥላንም «የዝናብ ስካ» ይሉታል። እኛ «ጥላ ከለላ ሆነኝ» ስንል የምናስበውን ያህል ትይዛለች። ልዩነቱ እዚያ የሚያስጠልለው ከፀሐይ ሳይሆን ከአትላንቲክ ነፋስና ዝናብ መሆኑ ነው።

አባባሉን ከ«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ጋር ማመሳሰል ያሳስታል። የእኛው ስለ ኅብረት ጉልበት ይናገራል፤ የአይሪሾቹ ግን ስለ መጠለል ነው። ይልቅ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» ይቀርበዋል።

በሥራ የሚታየው «ሜሀል» በሚባለው የጎረቤት የሥራ ማኅበር ነው። ገንዘብ አይከፈልበትም፤ ባለቤቱ ያበላል፣ የተሰጠውን ቀንም በቀን ይመልሳል። በዚህ ከደቦ ይልቅ ወንፈልን ይመስላል።

የማገዶውን ሥራ እንይ። በዚያ አገር እንጨት ስላልበዛ ለዘመናት የነደደው ከረግረግ የሚቆረጥ አፈር ነው፤ የበሰበሰ ሣርና ቅጠል ለሺህ ዓመታት ተጠቅጥቆ የሠራው። በፊት አንዱ «ሽላን» በሚባል፣ በጎኑ ክንፍ ባለው ጠባብ አካፋ ይቆርጣል፤ ሌላው እንደ ጡብ የተቆረጠውን እርጥብ አፈር በእጁ ይቀበላል፤ ሦስተኛው በጋሪ ወስዶ ሜዳ ላይ ያሰጣል። ብቻውን የሚቆርጥ ሰው ሁሉንም ራሱ መሥራት ስላለበት ቀኑ ያልቅበታል።

ሲቆረጥ ከአሥር ዘጠኙ እጅ ውኃ ነው። እንደ ኩበት ተሰጥቶ ላዩ ቆዳ እስኪያወጣ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ አምስት ስድስቱ ጫፍ ለጫፍ ተደግፈው ይቆማሉ፣ ነፋስ በመካከላቸው እንዲያልፍ። ቸኩሎ ያቆመ በእጁ ይሰባበርበታል። የዘገየ ደግሞ ሣር ይበቅልበታል፣ የታችኛውም ገጽ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ሳይደርቅ የብርዱ ወራት ከገባ ውርጭ ያፈራርሰዋል፤ ቤቱም ያለ እሳት ይከርማል።

እዚህ ላይ ነው አባባሉ ከብድር የሚያልፈው። ባል የሞተባትና ሽማግሌው ቀን መመለስ አይችሉም ነበር፤ ማገዶአቸው ግን ይቆረጥላቸው ነበር። ልጆችም በየጠዋቱ ለትምህርት ቤቱ ምድጃ አንድ አንድ ጡብ በብብታቸው ይዘው ይሄዱ ነበር።

ዛሬ መቁረጡን ማሽን ይዞታል። ጡቦቹን እርስ በርስ አስደግፎ ማቆሙ ግን በብዙ ቦታ አሁንም በእጅ ነው፤ ወገብ የሚሰብር ሥራ ስለሆነ ቤተሰብና ጎረቤት አብረው ይወጡለታል።