ነጭ ማለት ባዶ ማለት አይደለም

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች የኅትመትና ማስታወቂያ ሱቅ ነው የምሠራው። ባነር፣ ቲሸርት፣ ማግ፣ የሠርግ ካርድ እናትማለን። አንዲት ነገር ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም፦ «ሎጎው ባክግራውንድ የለውም፣ ነጭ ነው።»

ነጭ ከሆነማ አለው! ባክግራውንዱ ነጩ ራሱ ነው።

ለኮምፒውተር ነጭ እንደማንኛውም ቀለም ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስቱም ትልቁ ቁጥራቸው ላይ፣ 255፣ ሲደርሱ ነጭ ይሆናል። ባዶነትን የሚነግረው አራተኛ ቁጥር ነው፤ አልፋ ይባላል። አልፋ 0 ሲሆን ያ ነጥብ ጭራሽ አይታይም። 255 ሲሆን ሙሉ ይታያል። መሃል ላይ ከሆነ ከኋላው ያለውን እንደ ነጠላ ያሳያል። ፒኤንጂ (PNG) የሚባለው የሥዕል ፋይል ይህን ቁጥር መያዝ ይችላል። ጄፒጂ (JPG) የሚባለው አይችልም፤ ምንም ቢደረግ አይችልም።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የቢሮ ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጩን ቦታ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ነጭ ማግ ላይ በሰብሊሜሽን (ቀለሙን በሙቀት በማስተላለፍ) ሲታተምም እንዲሁ ነው። ሰው ይህን አይቶ «ነጭ አይታተምም» ብሎ ይደመድማል። ባለ ቀለም ቲሸርት ላይ በዲቲኤፍ (መጀመሪያ ፊልም ላይ አትሞ በሙቀት በመለጠፍ) ስናትም ግን ማሽኑ ነጭ ቀለም አለው፤ ነጩንም ያትመዋል።

ባለፈው ክረምት አንድ ጋሼ ከኮምቦልቻ መጡ። ለሰፈራቸው የኳስ ቡድን አረንጓዴ ቲሸርት ነበር የፈለጉት። ሎጎው ጄፒጂ ነው፤ ዙሪያው ነጭ። መቆረጥ አለበት አልኳቸው። «አብሽር፣ ነጩ አይታተምም» አሉኝ። አንዱን አትሜ አሳየኋቸው። ደረቱ ላይ ነጭ ሳጥን ተለጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ነጩ ነዋ ጋሼ።»

ለመቁረጥም ቀላል አልነበረም። ሎጎው መሃል ኳስ አለ፤ ኳሱም ነጭ ነው። የሥዕል ፕሮግራሙን «ነጩን ሁሉ አጥፋ» ብትሉት ኳሱ አብሮ ይበሳል። ስለዚህ መምረጫውን ከዳር ጋር የተያያዘውን ነጭ ብቻ እንዲይዝ አድርጉት። የኳሱ ነጭ በጥቁር መስመር ስለታጠረ ይተርፋል።

ደንበኞች ሌላም ይላሉ። «የፋይሉን ስም ከጄፒጂ ወደ ፒኤንጂ ብቀይረውስ?» ስሙ ይቀየራል፤ ነጩ እዚያው ነው።

«ፎቶሾፕ ከሌለ አይሆንም።» ይሆናል። ጊምፕ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም በነጻ ይወርዳል። መጀመሪያ አልፋ ቻናል ጨምሩ፣ ነጩን መርጣችሁ ዲሊት በሉ፣ ከዚያ በፒኤንጂ ኤክስፖርት አድርጉ።

«ግራጫና ነጭ ዳማ ካለው ባዶ ነው።» ዳማው ፕሮግራሙ «እዚህ ምንም የለም» የሚልበት ምልክት ነው። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ላይ ግን ዳማው ራሱ የሥዕሉ አካል ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ቀይ ሌየር (ንጣፍ) አስገቡበት። ቀዩ ካልታየ ተሸውዳችኋል።

«ባክግራውንዱን ለማጥፋት አንድ ክሊክ ይበቃዋል።» ጠርዙ ጥርት ላለ ሎጎ እሺ። ነጭ ግድግዳ ተደግፋ ነጠላ ለለበሰች ሙሽራ ግን አይበቃም። ፕሮግራሙ ነጠላውን ከግድግዳው አይለየውም፤ የጥለቱን ጫፍ በልቶ ይመልስላችኋል። ስስ ጨርቅና ፀጉር ያ የመሃሉ አልፋ ይፈልጋሉ፤ በእጅ ነው የሚሠራው፣ ጊዜ ይወስዳል። ፎቶው ገና ሳይነሳ ከኋላዋ ጠቆር ያለ ጨርቅ ብትሰቅሉ ግማሹ ሥራ አለቀ። እባካችሁ ለፎቶ አንሺው ቀድማችሁ ንገሩት።

አሁን ደግሞ ቴሌግራም። ሰው ባክግራውንዱን በደንብ አጥፍቶ ይልክልኛል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ባዶው ቦታ በቀለም ተሞልቷል። «አጥፍቼዋለሁ እኮ!» ይለኛል፣ እውነቱን ነው። እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ጨምቆ ጄፒጂ ያደርገዋል፤ አልፋው መንገድ ላይ ይቀራል። ከደረሰኝ ፎቶ ላይ ልመልሰው አልችልም፣ እንደገና መቁረጥ ነው። ስትልኩ የክሊፗን ምልክት ንኩ፣ «ፋይል» የሚለውን ምረጡ፣ ፒኤንጂውን ከዚያ ውስጥ ላኩት።