የኮንቴይነር ተርሚናል ምንድን ነው? የሮተርዳም ወደብ እንደ ማሳያ

የኮንቴይነር ተርሚናል ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት ቀለማቸው የተለያየ የብረት ሣጥኖች የተደረደሩበት ሰፊ ግቢ ነው። መልኩ እንዲያ ቢሆንም ዋና ሥራው ዕቃ ማከማቸት አይደለም። ተርሚናል ጭነት ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ወደ ወንዝ ጀልባ ወይም ወደ ከባድ መኪና፣ አለዚያም በተቃራኒው የሚሸጋገርበት ቦታ ሲሆን፣ ኮንቴይነሩ እዚያ የሚቆየው ቀጣዩ ተረካቢ እስኪደርስ ድረስ ነው። ስለዚህ የአንድን ተርሚናል ብቃት በባሕሩ በኩል ብቻ ቆሞ መመዘን አይቻልም፤ ከጀርባው ያለው መንገድ፣ ሐዲድና ወንዝም የዚያው ተርሚናል አካል ተደርጎ መታየት አለበት። የአውሮፓ ትልቁ ወደብ የሆነው የኔዘርላንዱ ሮተርዳም ይህን በግልጽ ያሳያል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ፌርላንድ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ ኮንቴይነር ጭና ሮተርዳም የደረሰችው በ1966 ነበር። ከዚያ ዘመን በፊት ጆንያውም፣ በርሜሉም፣ ጣውላውም በሰው ትከሻና በትንንሽ ክሬን ተራ በተራ ይወርድ ስለነበር፣ መርከብ ከጉዞዋ የማይተናነስ ጊዜ ወደብ ላይ ቆማ ታሳልፍ ነበር። ዛሬ የጭነት መለኪያው ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ነው፤ ባለ 40 ጫማው እንደ ሁለት ይቆጠራል። በዚህ አቆጣጠር በ2021 በሮተርዳም ያለፈው ከ15 ሚሊዮን በላይ ነው።

መርከቦቹ እየተለቁ ሲሄዱ ወደቡ ከከተማዋ እየራቀ ወደ ባሕሩ ተጓዘ፤ አሁን ከመሃል ከተማ እስከ ዳርቻው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ግዙፎቹ ተርሚናሎች የሚገኙት ማስፍላክተ በሚባል፣ ባሕር በአሸዋ ተሞልቶ በተፈጠረ መሬት ላይ ነው። የዚህ መሬት ሁለተኛው ክፍል ሥራው በ2008 ተጀምሮ በ2013 ተመረቀ። 400 ሜትር የምትረዝም መርከብ ወንዝ ሳትገባ፣ ውኃ ማገጃ በርም ሳያቆያት በቀጥታ ከጥልቁ ባሕር መጥታ የምትቆመው እዚህ ነው።

መርከቧ እንደቆመች ክሬኑ ክንዱን በላይዋ ይዘረጋል። ከክንዱ በብረት ገመድ የተንጠለጠለው መያዣ ወርዶ የኮንቴይነሩን አራት የላይ ማዕዘኖች ያገኛል፤ በየማዕዘኑ ባለው ቀዳዳ ውስጥ አንዳንድ የብረት ቁልፍ ገብቶ ሩብ ዙር ሲዞር ሣጥኑ ተቆለፈ ማለት ነው። ሣጥኑ በመርከብም፣ በባቡርም፣ በመኪናም ላይ በእነዚሁ አንድ ዓይነት የማዕዘን ቀዳዳዎች መያዙ፣ በእኔ ግምት ከሣጥኑ ይልቅ ዓለምን የለወጠው እሱ ነው ያሰኛል። ሮተርዳም ውስጥ የወረደውን ኮንቴይነር የሚቀበለው ብዙውን ጊዜ ሹፌር የሌለው ተሽከርካሪ ነው፤ በዚህ ዓይነት ተሽከርካሪ መሥራት የተጀመረው በ1993 ሲሆን፣ በአዲሶቹ ተርሚናሎች የክሬኑ ሠራተኛም ጭምር ቢሮ ውስጥ በስክሪን ፊት ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ተሽከርካሪው ሣጥኑን ወደ ግቢው ያደርሳል፤ እዚያ ሌላ ክሬን ተቀብሎ መቼና በምን እንደሚወጣ በተሰላ ቦታ ላይ ይደረድረዋል። ስሌቱ ከተሳሳተ ከሥር ያለውን አንዱን ለማውጣት ከላይ ያሉትን ሁሉ ማንሳት ግድ ይሆናል።

ችግሩ የሚጀምረው ግቢው ሲሞላ ነው። በመጋቢት 2021 የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀናት ዘግታ የቆየችው ኤቨር ጊቭን የተባለች የኮንቴይነር መርከብ መድረሻዋ ሮተርዳም ነበር። እንዲህ ያለ መዘግየት ሲያጋጥም መርከቦች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ክሬኖቹ ማውረድ ቢችሉም ወደ ውስጥ የሚወስደው ማጓጓዣ በዚያው ፍጥነት ካልሠራ ኮንቴይነሩ ማረፊያ ያጣል።

የወደቡ አስተዳደር ሁለተኛውን ማስፍላክተ ለተርሚናል ኩባንያዎች ሲያከራይ በውሉ ላይ አንድ ግዴታ አስገብቷል፦ በ2035 በየብስና በወንዝ ከሚጓጓዘው ኮንቴይነር በመኪና የሚወጣው ከ35 በመቶ እንዳይበልጥ፣ በጀልባ 45፣ በባቡር 20 በመቶ እንዲሆን። ኤ15 የተባለው አውራ ጎዳና ብቻውን ያን ሁሉ ጭነት አይችለውምና።

ለባቡሩ ሲባል የመንገደኛ ባቡር የማይሄድበት፣ 160 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የቤቱወ መስመር ተሠርቶ በ2007 ተከፈተ። መስመሩ እስከ ጀርመን ድንበር ድረስ ለጭነት ብቻ የተለየ ሲሆን፣ ድንበሩን ሲሻገር ግን ከመንገደኛ ባቡሮች ጋር ይቀላቀላል። ጀርመን በ1992 በተደረገው ስምምነት መሠረት የምትሠራው ሦስተኛ ሐዲድ፣ መስመሩ ከተከፈተ ከ15 ዓመት በኋላም አላለቀም። የኤሌክትሪክ ኃይሉም በሁለቱ አገሮች ስለሚለያይ ሁለቱንም የሚችል ሎኮሞቲቭ ያስፈልጋል።

ጀልባዎቹ በራይን ወንዝ ሽቅብ ወደ ዱይስበርግና ከዚያም አልፈው ይጓዛሉ። ዱይስበርግ ባሕር የሌለው ወደብ ነው፤ ሞጆን ለሚያውቅ ሰው ደረቅ ወደብ ማለት እንግዳ አይሆንበትም፣ ልዩነቱ ዱይስበርግ ወንዝ ያለው መሆኑ ነው። ይሁንና ወንዙ በ2018 እና በ2022 እንደታየው በድርቅ ሲጎድል ጀልባዎቹ ጭነታቸውን ቀንሰው ለመሄድ ይገደዳሉ።

ከውኃው እጥረት ይልቅ ዘወትር የሚያስቸግረው ግን የውል ጉዳይ ነው። ተርሚናሉ ውል ያለው ከመርከብ ድርጅቱ ጋር እንጂ ከጀልባው ባለቤት ጋር አይደለም፤ ስለዚህ ትልቅ መርከብ ከመጣች ክሬኑ ወደ እሷ ይዞርና ጀልባው ይጠብቃል። ያው ጀልባ በአንድ ጉዞ ከበርካታ ተርሚናሎች ጥቂት ጥቂት ኮንቴይነር ስለሚሰበስብ፣ በአንዱ ላይ ያረፈደ ጀልባ የቀሩትን ተራዎቹን ሁሉ ያጣል። አሁን ጀልባዎች ሣጥኖቻቸውን አስቀድመው በወንዝ ዳር ተርሚናል አሰባስበው፣ ቁርጥ ባለ ሰዓት ወደ አንድ ተርሚናል ብቻ በብዛት ይዘው እንዲሄዱ እየተደረገ ያለው ለዚህ ነው።