«በኮት ጭራ ተንጠልጥሎ መግባት»፦ አባባሉ ከየት መጣ? በአጋማሽ ዘመን ምርጫስ ምን ያህል ይሠራል?

አሜሪካኖች አንድ ዕጩ በራሱ ስም ሳይሆን ከበላዩ በተሰለፈ ተወዳጅ ሰው ጉልበት ሲመረጥ «በእገሌ ኮት ጭራ ገባ» ይላሉ። ጭራ የተባለው የ19ኛው መቶ ዘመን ወንዶች ይለብሱት የነበረው ኮት የኋላ ክፍል ነው፤ ከፊት ወገብ ላይ ይቆረጣል፣ ከኋላ ለሁለት ተሰንጥቆ እስከ ጉልበት ይወርዳል። እኛ «በሰው ጥላ ሥር መጠለል» የምንለው ይቀርበዋል። ፕሬዚዳንቱ ብዙ ሰው ይዞ ከገባ «ጭራው ረጅም ነው» ይባላል። እሱ አሸንፎ የፓርቲው ዕጩዎች ከወደቁ ደግሞ «ጭራ የለውም»።

አባባሉን ያስለመደው የፓርላማ ዘለፋ ነው። በ1848 ያኔ የዴሞክራቶች ተቀናቃኝ የነበረው የዊግ ፓርቲ የሜክሲኮ ጦርነት ጀግና የሆነውን ጄኔራል ዛካሪ ቴይለርን ለፕሬዚዳንትነት አቀረበ። የጆርጂያው ዴሞክራት አልፍሬድ አይቨርሰን ተነሥቶ፣ ዊጎች መርሐቸውን ጥለው በጄኔራሉ የጦር ኮት ጭራ ሥር ተሸሸጉ ሲል ወቀሳቸው። ጁላይ 27 መልስ የሰጠው ገና 39 ዓመቱ የነበረው የኢሊኖይ ተወካይ አብርሃም ሊንከን ነበር። ዴሞክራቶች ራሳቸው አምስት የፕሬዚዳንት ምርጫ በጄኔራል አንድሩ ጃክሰን ኮት ጭራ ሥር እንደተወዳደሩና አሁንም ለስድስተኛው እዚያው እንዳሉ ቆጥሮ ነገራቸው። ይባስ ብሎም አንበሳው ጃክሰን ከሞተም በኋላ ከጅራቱ እንዳልተላቀቁ የተራቡ መዥገሮች አድርጎ ሣላቸው። በዚያ አዳራሽ ብዙ ንግግር ተደርጓል፤ መዥገሩ ግን የሚረሳ አይደለም።

አባባሉ ሲነገር የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ቴይለር በኖቬምበር አሸነፈ፣ ኮቱ ግን ሊንከን ለነበረበት ወረዳ አልደረሰም። ኢሊኖይ ያኔ ተወካዮቿን የምትመርጠው በኦገስት ነበር። ሊንከን በለቀቀው ወንበር የተሰለፈው ዊግ፣ የቀድሞ የጥብቅና ሸሪኩ ስቲቨን ሎገን፣ ከሜክሲኮ ጦርነት በተመለሰው ዴሞክራት ቶማስ ሃሪስ በ106 ድምፅ ተሸነፈ። ቴይለር ሥልጣን ሲይዝም ሁለቱም ምክር ቤቶች በዊጎች እጅ አልነበሩም። የተወካዮች ምርጫ በአንድ ቀን እንዲሆን የተደነገገው ገና በ1872 ነው። ጭራው እንዲጎትት ጎታቹና ተጎታቹ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ መገኘት አለባቸው።

ወረቀቱ ራሱ ድሮ ለጭራ የተመቸ ነበር። የድምፅ መስጫ ወረቀት የሚያትመው መንግሥት ሳይሆን ፓርቲው ነበር፤ ከፕሬዚዳንት እስከ ወረዳ ሹም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ብቻ በአንድ ቁራጭ ላይ ይሰለፋሉ። አንዱን መተው የፈለገ መራጭ ስሙን በእርሳስ መሰረዝ ወይም የሌላ ሰው ስም የታተመበት ብጣሽ መለጠፍ ነበረበት። ከ1888 ጀምሮ፣ መጀመሪያ በኬንታኪዋ ሉዊቪል ከተማና በማሳቹሴትስ፣ መንግሥት ያተመው ወረቀት ሲመጣ ከየፓርቲው እየመረጡ መቀላቀል ቀለለ። የጥንቱ ልማድ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ሚሺጋን፣ አላባማ፣ ኢንዲያና፣ ኬንታኪ፣ ኦክላሆማና ደቡብ ካሮላይና አንድ ምልክት ብቻ በማድረግ የፓርቲውን ዕጩዎች በሙሉ መምረጥ ይፈቅዳሉ። ቴክሳስ ከ2020 ምርጫ ጀምሮ ትታዋለች።

አሁን ወደ አጋማሽ ዘመን ምርጫ እንምጣ። ፕሬዚዳንቱ በተመረጠ በሁለተኛው ዓመት 435ቱም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮችና ከ100 የሴኔት ወንበሮች ሲሶው ለውድድር ይቀርባሉ፣ 36 ግዛቶችም አገረ ገዢ ይመርጣሉ። ኮቱን የለበሰው ሰው ወረቀቱ ላይ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት እሱን ብለው የወጡ፣ እግረ መንገዳቸውን ለተወካዩም ምልክት ያደረጉ መራጮች ቤታቸው ይቀራሉ። የተቆጡት ግን ይወጣሉ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው አንገስ ካምቤል በ1960 ይህን እንደ ወንዝ ሙላትና ጉድለት አድርጎ አብራርቶታል፤ በፕሬዚዳንቱ ዓመት ሞልቶ የወሰዳቸውን፣ በአጋማሹ ሲጎድል ደረቅ ላይ ይጥላቸዋል። በ1964 ከሊንደን ጆንሰን ጋር ብዙ ዴሞክራቶች ገቡ፣ በ1966 ፓርቲው 47 ወንበር አጣ። በ2010 የኦባማ ፓርቲ 63፣ በ2018 የትራምፕ ፓርቲ 40 ወንበር አጥተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ በተወካዮች ምክር ቤት ወንበር የጨመረው በ1998 እና በ2002 ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክሊንተንን ለመክሰስ በተደረገው ሩጫ የተነሣ፣ ሁለተኛው ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በነበረው ስሜት።

ነገሩ በአንድ ወረዳ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ነው። በ2008 በቨርጂኒያ 5ኛ ወረዳ፣ የዩኒቨርሲቲ ከተማዋ ሻርሎትስቪል ባለችበት፣ ዴሞክራቱ ቶም ፔሪዬሎ ነባሩን ቨርጂል ጉድን በ727 ድምፅ ብቻ አሸነፈ። ሁለቱም ከ1 መቶ 58 ሺህ በላይ ድምፅ ነበራቸው። ኦባማ በ2010 የምርጫው ሳምንት ሲቃረብ ራሱ ሻርሎትስቪል ድረስ ሄዶ ቀሰቀሰለት፣ አልጠቀመውም። አሸናፊው ሪፐብሊካን ሮበርት ኸርት ያገኘው ወደ 1 መቶ 20 ሺህ ድምፅ ነበር፣ ፔሪዬሎ ደግሞ 1 መቶ 10 ሺህ ገደማ። ልብ በሉ፣ ኸርት ከሁለት ዓመት በፊት ከተሸነፈው ከጉድ በብዙ ሺህ ያነሰ ድምፅ አግኝቶ ነው ያሸነፈው። ወረዳው ሐሳቡን ስለ ቀየረ ብቻ ሳይሆን ማን ወጣ፣ ማን ቀረ የሚለው ስለ ተቀየረ ነው። በዜና «ሕዝቡ ፊቱን አዞረ» የሚለውን ከመቀበል በፊት ይህን መቁጠር ይገባል።

ማን በማን ጭራ ላይ እንዳለ መለካት አስቸጋሪ አይደለም። የወረዳውን ያለፈ የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት በመቶኛ ይያዙ፤ ከጎኑ የፓርቲው ተወካይ በዚያው ቀን ያገኘውን ያስቀምጡ። ፕሬዚዳንቱ 55 ከመቶ አግኝቶ ተወካዩ በ51 ከመቶ ከገባ፣ ያ ተወካይ በተውሶ ኮት ነው የቆመ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ መጀመሪያ የሚፈተነው እሱ ነው። በተቃራኒው የነብራስካ 2ኛ ወረዳን ይመልከቱ። በ2020 ባይደን ወረዳውን በ6 ነጥብ ከፍ ባለ ልዩነት ሲያሸንፍ፣ ሪፐብሊካኑ ዶን ቤከን በዚያው ወረቀት ላይ በ4 ነጥብ ከፍ ባለ ልዩነት አልፏል። የራሱን ኮት ለብሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በ2025 እንዳደረገው ዳግም አልወዳደርም ሲል ግን ትርፍ ድምፁ ለተተኪው አይወረስም፤ ወረዳው ወደ ተፈጥሮ ዝንባሌው ይመለሳል። ገምጋሚዎች ወንበሩ ባለቤት አልባ ሲሆን ወዲያው ደረጃውን የሚቀይሩት ለዚህ ነው። የኩክ የፖለቲካ ዘገባን የመሳሰሉት ውድድሮችን ከጸና ወንበር እስከ ያልለየለት ፉክክር በአራት ደረጃ ይከፍሏቸዋል፤ ብርቱ ትግል ያለው በመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ነው።

ልኬቱ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች አሉ። ተወካዩ ያለ ተቀናቃኝ ከተወዳደረ ቁጥሩ ምንም አይናገርም። ሦስተኛ ፓርቲ ድምፅ ከወሰደ መቶኛው ይዛባል፤ ልዩነቱን ማየት ይሻላል። ከሁሉ የከፋው የወረዳ ወሰን ለውጥ ነው። ቴክሳስ በ2025 የወረዳዎቿን ካርታ ከለሰች፣ ካሊፎርኒያም በዚያው ዓመት ኖቬምበር በሕዝብ ድምፅ አዲስ ካርታ አጸደቀች፤ በነዚህ ግዛቶች የ2024ን ውጤት በአሮጌው ወሰን ይዞ ለ2026 መተንበይ ከንቱ ድካም ነው። የፕሬዚዳንቱን ድምፅ በአዲሱ ወሰን ውስጥ በምርጫ ጣቢያ ደረጃ እንደገና መደመር ያስፈልጋል።

ፕሬዚዳንቱ በሌለበት ወረቀት ትልቁ ኮት የአገረ ገዢው ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይጎትትም። በ2022 በጆርጂያ ሪፐብሊካኑ ብራያን ኬምፕ 2 ሚሊዮን 1 መቶ ሺህ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ሲያሸንፍ፣ በዚያው ወረቀት ለሴኔት የተወዳደረው ኸርሸል ዎከር ከእሱ 2 መቶ ሺህ ያህል አነሰ። የዎከር ተፎካካሪ ዴሞክራቱ ራፋኤል ዋርኖክም 50 ከመቶ ስላልሞላለት በጆርጂያ ሕግ ድጋሚ ምርጫ ተደረገ። ዲሴምበር 6 ቀን ኬምፕ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ለዎከር ቢቀሰቅስም ዋርኖክ አሸነፈ። ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ። ለአገረ ገዢነት የተወዳደረው ሪፐብሊካን ሊ ዜልዲን ተሸነፈ፣ ጭራው ግን ረጅም ነበር። በመኖሪያ ቀዬው ሎንግ አይላንድ አራቱም የተወካዮች ወንበሮች ለሪፐብሊካን ሆኑ። በሃድሰን ሸለቆም የዴሞክራቶችን የምክር ቤት ዘመቻ የሚመራው ሾን ፓትሪክ ማሎኒ ራሱ በማይክ ሎለር 2 ሺህ በማይሞላ ድምፅ ወንበሩን ተነጠቀ። ተሸናፊም ሰው ይዞ ይገባል፤ ይህን የሚዘነጋ ተንታኝ ብዙ ነው።

ጭራ ሸክም ሲሆን መቁረጥም አንድ ስልት ነው። በ2010 የዌስት ቨርጂኒያው ዴሞክራት ጆ ማንቺን በማስታወቂያው ላይ የኦባማ አስተዳደር የደገፈውን የካርቦን ልቀት ረቂቅ ሕግ ወረቀት በጠመንጃ ተኩሶ በሳው፣ የሴኔት ወንበሩንም አገኘ። የግማሽ ልብ ቆረጣ ግን አይሠራም። በ2014 በኬንታኪ ለሴኔት የተወዳደረችው አሊሰን ግራይምስ ኦባማን መርጣ እንደሆነ ስትጠየቅ አልመልስም ማለቷ ለቀናት መነጋገሪያ ሆነ፤ ወንበሩም በሚች ማኮኔል እጅ ቀረ።

የራሱን ወረቀት ለሚያይ መራጭ፣ ከላይ ማን እንዳለ እንደ ግዛቱ ይለያያል። በሜሪላንድ፣ በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶና በጆርጂያ በአጋማሽ ዘመን አገረ ገዢም ስለሚመረጥ ኮት የለበሰ ሰው አለ። ቨርጂኒያ አገረ ገዢዋን የምትመርጠው በጎዶሎ ዓመት ነው፣ ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ከፕሬዚዳንቱ ጋር። በነዚህ ሁለት ግዛቶች የሴኔት ውድድር በሌለበት ዙር የተወካዮች ዕጩ ራሱ የወረቀቱ ራስ ይሆናል፤ ስለዚህ እዚያ የሚታየውን የድምፅ ልዩነት ከጎረቤት ግዛት ጋር ሲያወዳድሩ ስንት ሰው ለመውጣት ምክንያት እንደነበረው አብሮ መታየት አለበት።