ፔዳል ቮልዩም አይደለም!! (ስለ ፒያኖ ፔዳል የሚወሩ ስህተቶች)

እዚህ ባህር ዳር ኪቦርድ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ "ፔዳሉን ስረግጠው ድምፁ ይጨምራል አይደል?" ያላለኝ ሰው የለም። አይጨምርም። ባለፈው ለልጁ ኪቦርድ የገዛ አባት ጭራሽ እኔን ቁጭ አርጎ አስረዳኝ፣ እኔን! እሺ ጋሼ ብዬ ዝም አልኩ፣ ግን አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ክራር ሲገረፍ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ይገርፋል፣ የግራ እጅ ጣቶች ደሞ የማይፈለጉትን አፍነው የሚፈለገውን ብቻ ይለቁታል። ፒያኖም ውስጥ ክሮቹ ላይ (ከላይኞቹ ቀጫጭኖች በስተቀር) ማፈኛ ተቀምጧል፣ አንዱን ቁልፍ ስትጫን የሱ ማፈኛ ይነሳል ስትለቅ ይመለሳል፣ ቀኙን ፔዳል ስትረግጥ ግን ሁሉም ባንዴ ይነሳሉ። በቃ ስራው ይሄ ነው። መዶሻው ክሩን በምን ፍጥነት እንደሚመታ የሚወስነው ጣትህ ነው፣ እግርህ እዛ ውስጥ የለበትም።

"ታዲያ ለምን ሞላ ብሎ ይሰማኛል?" ያልተመቱትም ክሮች ስለተለቀቁ አብረው ስለሚርገበገቡ ነዋ። እውነተኛ ፒያኖ ካገኘህ ፔዳሉን ረግጠህ ወደ ውስጥ "ኦ" በልበት፣ ይመልስልሃል። ቁልፉን ቀስ ብለህ ስትነካ ይሄ ማስተጋባት ትንሽ ነው፣ ድምፁን አለስልሶ ቶሎ ይጠፋል። በሀይል ስትመታ ግን ሁሉም ይነቃል፣ በተለይ የግራ እጅ ወፍራም ክሮች ቶሎ ስለማይሞቱ አዲሱ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ካሮጌው ጋር ይላቆጣል። ስለዚህ ዘፈኑ እየጋለ ሲመጣ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ማንሳት ነው ያለብህ። ሰው ግን ያኔ ነው እግሩን የሚተክለው!

"ቤት አምሮ ከተሰማኝ አዳራሽም ያምራል" ደሞ ሁለተኛው። አንድ ተማሪዬ ግቢያቸው ተከራይ ስለሚበዛ ቮልዩሙን ሩብ ላይ አርጎ ነበር የሚለማመደው። ጆሮ ደሞ ድምፅ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚያጣው ቤዙን ስለሆነ የግራ እጁ ጭቃ አልተሰማውም። ጣና ዳር አንድ ሰርግ ላይ በትልልቅ ስፒከር ሲወጣ ጉምምም ብቻ ሆነ፣ ሳውንድ ማኑ ወደኔ ዞሮ በእጁ "ምንድነው?" ይለኛል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ነጩ ጫማ ፔዳሉ ላይ ተተክሏል፣ ሙሽሮቹ ከገቡ ጀምሮ አልተነሳም። ከኋላው ሄጄ ተረከዙን በጫማዬ ነካ ነካ አረኩት። አሁን ቅዳሜ ተከራዮቹ ገበያ ሲወጡ ቮልዩሙን ከፍ አርጎ ግራ እጁን ብቻ ከፔዳል ጋር ይሰማል፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ቅኝትም ይለያያል። ትዝታ ሜጀር (ዶ ሬ ሚ ሶል ላ) ግማሽ ድምፅ (ተጣብቀው ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ኖታዎች) ስለሌለው እግርህን ብትረሳውም ይቅር ይልሃል። አንቺሆዬ ላይ ግን ዶ እና ሬ ፍላት፣ ፋ እና ሶል ፍላት ጎን ለጎን ናቸው፣ እስኪ ረግጠህ በሀይል ተጫወተው፣ የንብ ቀፎ ነው የሚሆነው።

"ግራው ፔዳልም ያው ነው" አይደለም፣ እሱ ድምፁን የሚያለዝበው ነው።

"ግማሽ መርገጥ በሁሉም ይሰራል" አይሰራም። ከኪቦርዱ ጋር የሚመጣው ርካሹ አራት ማዕዘን ፔዳል እንደ መብራት ማብሪያ ነው፣ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፣ መሀል የለውም።

"ፔዳሉ ሲረገጥ ኖታ ይቆርጣል፣ ተበላሽቷል" ባብዛኛው አልተበላሸም። ኪቦርዱ ባንዴ የሚይዘው ድምፅ 32 ወይም 64 ከሆነ እግርህን ተክለህ ኖታ ስትቆልልበት አሮጌውን እየጣለ ነው።

ደሞ "ተገልብጦ ይሰራል፣ ስለቀው ነው የሚይዘው" ብላችሁ ማታ ማታ የምትደውሉልኝ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ነበር። አጥፉት፣ እግራችሁን አንሱ፣ መልሳችሁ አብሩት።